ሁለቴ የተለካ ስንጥቅ

«ጋሽ እርሳስ» ይሉኛል። ከኋላዬ ብቻ አይደለም፣ ፊት ለፊትም ይሉኛል፤ እኔም አቤት እላለሁ። ስሙ የወጣልኝ ጆሮዬ ላይ ከምሰካት እርሳስ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ድንጋይ ስቆርጥ፣ ስሞርድና ስጨምቅ ያቺ እርሳስ ከጆሮዬ ወርዳ አታውቅም። አንዳንዴ ትራስ ላይ ጋደም ስል ወግታኝ ነው ትዝ የምትለኝ። ባለቤቴም «ይቺን ጣውንቴን አውልቅልኝ» ትለኛለች።

አስቀድሜ ሥራዬን ልንገራችሁ። ሥራዬ ካልገባችሁ ጉዴም አይገባችሁም፤ ግማሽ ወሬ ደግሞ መስማትም ማውራትም አልወድም።

የምሠራው በዩኒቨርሲቲ የድንጋይ ላቦራቶሪ ነው፣ ምድር ቤት። አንዲት መስኮት አለችን፤ በእሷ የሚታየው የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ነው። ከክፍሉ መሃል ሆዱ ክፍት የሆነ ወፍራም የብረት ማሽን ቆሟል። የፔርሙዝ ያህል የሚሆን ድቡልቡል ድንጋይ ይመጣልኛል፣ ከራስጌው እስከ ግርጌው የተሰነጠቀ። ሁለቱን ግማሾች ገጥሜ የላስቲክ ሽፋን አለብሳቸዋለሁ፤ እኛ «ካልሲ» እንለዋለን። ከዚያ ማሽኑ ሆድ ውስጥ አስገብቼ ዙሪያውን በዘይት እጨምቀዋለሁ፣ በኤሌክትሪክ ቀበቶ አሞቀዋለሁ፣ ከታች ውሃ እገፋበታለሁ። በስንጥቁ ሾልኮ ከላይ የወጣው ውሃ በቀጭን ቱቦ መጥቶ ሚዛን ላይ ይንጠባጠባል። ሚዛኑን አንብቤ እጽፋለሁ። ከተራራ ሥር ያለ ውሃ ምን እንደሚያስብ የምናውቀው በዚህ ነው፤ እናውቃለን የምንለው።

እርሳሷ የምትገባው እዚህ ላይ ነው። ካልሲውን ከማልበሴ በፊት ስንጥቁን አቋርጣ የምታልፍ መስመር አሰምራለሁ፤ ሦስት ቦታ፣ ከላይ፣ ከመሃልና ከታች። መስመሯ ከአንዱ ግማሽ ወደ ሌላው ሳትሰበር ካለፈች ድንጋዩ በቦታው ነው። የፀጉር ያህል ከተሰበረች ፈትቼ እንደገና እገጥማለሁ። ከዚያ በካሊፐር እለካለሁ፣ ደግሞም እለካለሁ። «ሁለቴ ካልለካችሁ ለካን እንዳትሉኝ» እላቸዋለሁ ተማሪዎቹን። ሰልችቷቸዋል፤ ይሰልቻቸው።

የመጨረሻ ልጄ ያደገችው በዚህ ንግግሬ ነው። ስድስት ዓመቷ ሳለ አሞኝ ተኝቼ የሳል ሽሮፕ ልትሰጠኝ መጣች። በማንኪያ ቀዳች፣ መልሳ ጠርሙሱ ውስጥ ገለበጠች፣ እንደገና ቀዳች። «ምን እየሠራሽ ነው?» ብላት «ሁለቴ ለካሁልህ አባዬ» አለችኝ። አልጋው ሽሮፕ፣ እሷ ሽሮፕ፣ እኔ ሽሮፕ። በሳቅ ሳሌ ባሰብኝ። አድጋም የድንጋይ ነገር ተማረችና ጂኦሎጂስት ሆነች። ወንድሞቿ «አባዬ አንቺን ብቻ ድንጋይ አጉርሶ ነው ያሳደገሽ» ይሏታል።

የምትሠራው ዋሻ ውስጥ ነበር። ተራራ በስተው መንገድ ሊያወጡ። የተራራው ሆድ ትኩስ ነው፤ ግድግዳው ላይ እጅ አይቆይም አለችኝ። ሁለት ኪሎ ሜትር እንደገቡ ዋሻውን አቋርጦ የሚያልፍ ስንጥቅ አገኙ። ከስንጥቁ ጀርባ ደግሞ ግፊት ያለው ትኩስ ውሃ ተኝቷል። እኛን የጠየቁን ይህን ነው፦ ስንጥቁን አልፈን ስንቆፍር ድንጋዩ ትንሽ ቢንሸራተትና ቢሞቅ ውሃው ይመጣብናል ወይስ አይመጣም? ይመጣል ካልናቸው ወራት ፈጅተው ስንጥቁን በሲሚንቶ ሊሞሉት ነው። አይመጣም ካልናቸው ሊቀጥሉ። ድንጋዩን ራሷ መርጣ፣ ራሷ በአሮጌ ሹራቧ ጠቅልላ ላከችልኝ። ላዩ ላይ «አባዬ፣ እንዳትጥለው» የሚል ወረቀት ለጥፋበታለች። ኧረ ድፍረት!

እንግዲህ ስሙኝ። ድንጋይ ሲሞቅ ያብጣል። ዙሪያውን ከተጨመቀ መሄጃ የለውምና ወደ ስንጥቁ ያብጣል፤ ስንጥቁ ይጠብባል፣ ውሃው ይቀንሳል። ይህ የታወቀ ነው። ከተንሸራተተ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የስንጥቅ ፊት ለስላሳ አይደለም፣ ጥርስ አለው። በቦታው ሳለ ጥርሱ ከጥርሱ ይገጥማል። እስቲ መንጋጋችሁን ወደ ጎን ገፋ አድርጋችሁ አፋችሁን ግጠሙ፤ አይገጥምላችሁም። ስንጥቅም ሲንሸራተት ጥርስ በጥርስ ላይ ይቆምና ክፍተት ይተዋል፣ በክፍተቱ ውሃ ይሄዳል። ጥያቄው ሙቀቱ ያን ክፍተት ይዘጋዋል ወይስ አይዘጋውም ነው።

እኛ ይዘጋዋል አልን። ድንጋዩን ሁለት ሚሊ ሜትር አንሸራትተን አሞቅነው፤ ዘጠና ዲግሪ ላይ ውሃው ጠብታ ብቻ ሆነ። ዶክተሩ ፈረመበት። ዶክተሩ የክፍላችን ኃላፊ ነው፤ ተማሪ ሆኖ ሲመጣ ብሎን መፍታት ያስተማርኩት ግን እኔ ነኝ። ሪፖርቱ ሄደ፣ ሲሚንቶው ቀረ፣ ቁፋሮው ቀጠለ። ልጄም ደወለችልኝ። «አለቃዬ ‹በዚህ ቁጥር ትተማመኛለሽ ወይ?› ቢለኝ ምን እንዳልኩት ታውቃለህ? ‹አባቴ ከለካው ስንጥቁ ሥር ፍራሽ አንጥፌ እተኛለሁ› አልኩት።» እኔም ኩራቴ ጣራ ነካ። ለጎረቤት፣ ለፀጉር አስተካካዩ፣ ለሁሉም አወራሁት።

ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ቀን ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ የምሳ ዕቃዬ ክዳን አልያዝ አለኝ። እኔ አሮጌ ካልሲ አልጥልም። በመቀስ ቀለበት ቀለበት አድርጌ እቆርጠዋለሁ፤ ለፋይል ማሰሪያ፣ ለምሳ ዕቃ፣ ለተቀደደ ጫማ ሳይቀር ይሆናል። ከሳጥኑ ውስጥ የልጄ ድንጋይ ለብሶት የነበረውን አወጣሁ። የዚያ ድንጋይ ካልሲዎች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ሰባ ዲግሪ ላይ፣ ገና ውሃ ሳንከፍትበት ፈንድቶብን ድንጋዩን አውጥተን ሁለተኛ አልብሰነው ነበር። ሁለተኛውን ከላይ እስከ ታች ቀድጄ ገለበጥኩት።

የካልሲ ውስጡ እርሳስ ይይዛል። ግፊቱ ድንጋዩ ላይ የተሰመረውን ላስቲኩ ላይ ያትመዋል። ሦስቱ መስመሮቼ ታትመዋል። ሦስቱም ቀጥ ብለዋል።

መጀመሪያ «እሰይ፣ ሲያምሩ!» አልኩ። ይታያችኋል? አደነቅኩኮ። ከዚያ ገባኝ፤ የተንሸራተተ ድንጋይ መስመሩ ቀጥ አይልም። የፈነዳውን ካልሲ ከሥር ጎትቼ አወጣሁና ገለበጥኩት። እሱ ላይ መስመሮቹ ተሰብረዋል፤ ልክ ሁለት ሚሊ ሜትር፣ ልክ እንደሚገባቸው። ተንሸራትቶ ነበራ!

ካልሲው ሲፈነዳ ድንጋዩን አውጥቼ፣ ዘይቱን አጥቤ፣ አድርቄ አዲሱን ሳለብሰው እጄ ሠላሳ አንድ ዓመት የለመደውን አደረገ። መስመሩን ገጠመ። ያንሸራተትነውን ድንጋይ መልሼ ወደ ቦታው አስገባሁት። ደግሞ ሁለቴ ለክቻለሁ! መስመሩ ቀጥ ማለቱን ሁለቴ አረጋግጫለሁ! ዘጠና ዲግሪ ላይ የተዘጋው ያልተንሸራተተ ስንጥቅ ነው። የተንሸራተተውን ሙቀት ላይ ማንም አልለካውም። ልጄ ሦስት ሳምንት ሙሉ ያለፈችው ማንም ባልለካው ስንጥቅ ሥር ነው።

ወለሉ ላይ ዘጭ አልኩ። በመስኮቷ የሰዎች ጫማ ያልፋል፣ አንዷ ሴት ቆማ የጫማዋን ማሰሪያ ታስራለች። «ልጄን ገደልኳት» አልኩ፣ ማንም በሌለበት፣ ጮክ ብዬ። ከዚያ ወዲያው «አፍህን ዝጋ አንተ ሟርተኛ» ብዬ ራሴን ሰደብኩና የግድግዳውን ስልክ አንስቼ ደወልኩላት። የልጄ ስልክ አይሠራም። ዋሻ ውስጥ ናት።

ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። የዶክተሩን በር ሳላንኳኳ ከፈትኩና ካልሲዎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋኋቸው።

«ዋሻውን አስቁም» አልኩት።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ። ምን ሆነው ነው?»

«አልቀመጥም። እያቸው።»

ያስተማርኩት ልጅ አይደል፣ ሳልናገር ገባው። አንዱን አነሳ፣ ሌላውን አነሳ፣ እንደገና የመጀመሪያውን አነሳ። «ምናልባት ሙከራው ካለቀ በኋላ ሲፈቱት ተገጣጥሞ ይሆን?» አለ።

«ዶክተር፣ ተሳሳትኩ እያልኩህ ነው። በሕይወቴ አንዴ ተሳሳትኩ ስል ምናለ ብታምነኝ!»

«አምኜዎታለሁ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ግን ደውዬ ምን ልበላቸው? ላስቲክ አየሁ ልበል? ‹ታዲያ ስንት ውሃ ይመጣል?› ቢሉኝ የምመልሰው የለኝም። አሁኑኑ እንድገመውና ቁጥር ይዤ ልደውል።»

«ማሞቁ ብቻ አምስት ሰዓት ይፈጃል!»

«ሦስት ሳምንት ምንም አልሆነም ጋሼ። አምስት ሰዓት ምን ይሆናል?»

ደሜ ፈላ። «ያንተ ልጅ ብትሆን እንዲህ ትል ነበር?» የሚለው አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። የዋጥኩት ለሱ አዝኜ አይደለም። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ውስጤ ቁጥር ይፈልግ ነበር። ቁጥር ሳልይዝ መናገር አላውቅበትም። ሞኝ ነኝ፤ ያን ሰዓት ስልኩን ከእጁ ቀምቼ መጮህ ነበረብኝ።

ኮቱን አውልቆ አብሮኝ ወረደ፤ ይህን አልክድበትም። ድንጋዩን ከመደርደሪያው አወረድን። እኔ አለበስኩ፣ እሱ ብሎኑን አጠበቀ። ሁለት ሚሊ ሜትር አንሸራተትነው። ውሃውን ስከፍት በዚያ ቱቦ ያልተንጠባጠበ ጉድ መጣ፤ ቀጥ ብሎ ወረደ። «ገና ቀዝቃዛ ነው» አለ ዶክተሩ፤ «ሲሞቅ ይቀንሳል።» የሚናገረው ለራሱ ይመስለኛል። ቀበቶውን ለኮስነው። ድንጋይ ቶሎ ከሞቀ ይሰነጠቃልና ቀስ በቀስ ነው የሚሞቀው። ቴርሞሜትሩ ላይ አፍጥጬ ቆምኩ። እንደዚያ ቀን ቀርፋፋ ነገር አይቼ አላውቅም።

ከዚያ የዋሻውን በር ስልክ ደወልኩ። ያነሳው ስልከኛ ጉንፋን ይዞታል፣ በየሁለት ቃሉ ያስነጥሳል።

«ልጅዎ ውስጥ ናት አባባ። ከስንጥቁ አልፈው መቆፈሪያው ጋ ናቸው፤ አሥራ ስምንት ሰው ነው። እዚያ ድረስ ስልክ አልተዘረጋም። ስልኩ ስንጥቁ አጠገብ ነው። ለምሳ ስትመለስ አገናኝዎታለሁ።»

«ሰው ልከህ አስወጣልኝ! ውሃ ሊመጣባቸው ነው!»

«እኔ ስልከኛ ነኝ እኮ አባባ። ሥራ የሚያስቆመው አለቃው ነው። አለቃው ደግሞ ወይ ወረቀት አምጣ፣ ወይ በዓይንህ ያየኸውን ንገረኝ ይላል። ባለፈው አንዱ ‹የውሃ ድምፅ ሰማሁ› ብሎ ሁሉም ወጥቶ ቀኑን ሙሉ ጠብታም ሳይመጣ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በሰማሁ የሚባል ነገር የለም።»

«እሺ መዝግብልኝ። መዝገብ አለህ?»

«አለኝ። ይናገሩ።»

«እኔ የድንጋዩ ፈታሽ፣ ድንጋዩን መልሼ ገጥሜዋለሁ ብለህ ጻፍ።»

ሲጽፍ ይሰማኛል፤ እያንዳንዷን ፊደል በአፉ እየጠራ። «ገጥ… ሜ… ዋለሁ። አባባ፣ መግጠም ጥሩ ነው መጥፎ?»

«መጥፎ ነው! መጥፎ ነው ብለህ ጻፍ! ሪፖርቱ ስህተት ነው፣ ስህተቱም የኔ ነው፣ የማንም አይደለም ብለህ ጻፍ!»

ጻፈ። መልሶም አነበበልኝ፣ ደንባቸው ነው። «‹ስህተቱም የኔ ነው፣ የማንም አይደለም።› ልክ ነው አባባ?» ዶክተሩ ማሽኑ ጋ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሟል። ልክ ነው አልኩ። ለአለቃው ወስዶ አሳየው። ተመልሶ መጣና አለቃው ምን እንዳለ ነገረኝ፦ «ፊርማ የለውም።»

ዶክተሩን ዞሬ አየሁት። አንገቱን ደፋ። «ሃምሳ ዲግሪ ይድረስ ጋሼ፣ ሃምሳ ላይ ካልቀነሰ እፈርማለሁ» አለ።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኩ ጮኸ። ልጄ ናት፤ ስልከኛው መሃል ሆኖ አገናኝቶን እሱም ይሰማል። ከኋላዋ የማራገቢያው ጩኸት ይሰማል።

«አባዬ! ምን ሆነሃል? ስልከኛው ‹አባትሽ አብደዋል› አለኝ።» ትስቃለች።

ነገርኳት። ካልሲውን፣ መስመሩን፣ እጄ ያደረገውን ነገርኳት። ሳቋ ቆመ።

«አንተ?» አለች።

«እኔ። እጄን ይቁረጠው።»

«አባዬ፣ እንደሱ አትበል። ስንት ሆነ ታዲያ? ሲሞቅ ስንት ይፈስሳል?»

አያችሁ ልጄን? ስንት ሆነ ነው የምትለው። «ገና አርባ አምስት ዲግሪ ላይ ነን። እስካሁን አልቀነሰም» አልኳት። «እናቴ፣ ቁጥሩን ተይውና ሰዎቹን ይዘሽ ውጪ።»

«አይወጡማ። አለቃው ካላዘዘ ከፎርማኑ ጋር መጨቃጨቅ ነው የሚሆነው። በኔ ወሬማ ማን ይወጣል?» ትንሽ አሰበች። «እኔ ብቻዬን ልውጣ?»

እውነቱን ልንገራችሁ? «አዎ» ማለት ፈለግኩ። ምላሴ ላይ ነበረች። ነገር ግን አሥራ ሰባት ሰው ትታ ብትወጣ ልጄ አትሆንም፤ እሷም የጠየቀችኝ እንቢ እንድላት ነው።

«መስመር አላሰመርሽም?» አልኳት። «ስንጥቁ ላይ?»

«አስምሬያለሁ እንጂ! ያገኘነው ቀን በነጭ ቀለም ሦስት ቦታ አሰመርኩ። የማን ልጅ ሆኜ! ግን ግድግዳውን ኮንክሪት ሲረጩበት ሁለቱን ሸፈኗቸው። አንዱ ጣሪያው ጋ አለ። መሰላል ይፈልጋል።»

«ሂጂና እዪው» አልኳት።

ሂጂና እዪው። እኔ ነኝ ያልኩት። «ሳታዪው ተሰብሯል በያቸው፣ ዋሺያቸው» ልላት እችል ነበር። ማን ያይባታል? አለቃው በዓይን የታየ ነው የሚፈልገው፤ አየሁ ትለዋለች፣ ይወጣሉ፣ አለቀ። ይህ ሐሳብ ያኔ አጠገቤም አልደረሰም። የደረሰው በማግስቱ ነው፤ ከደረሰ ወዲህ ደግሞ አልሄደልኝም።

ስልኩን ሳትዘጋ አስቀመጠችው። ማራገቢያው ይጮኻል። መሰላል ሲጎተት ይሰማኛል። ከርቀት የመቆፈሪያው ድምፅ ይመጣል። ዶክተሩ «ሃምሳ ዲግሪ» አለ፤ ሚዛኑን አየ፤ «አልቀነሰም።» እስክሪብቶ ፈልጎ ኪሱን ይዳብሳል። ጆሮዬ ላይ ያለችውን እርሳስ አውጥቼ ሰጠሁት። በእርሳስ ፈረመ። ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ ለአለቃው ለመላክ ወደ ደጅ ሮጠ፤ ምድር ቤቱ ውስጥ ኔትወርክ አይገባም።

ልጄ ተመለሰች፤ ቁና ቁና ትተነፍሳለች።

«ተሰብሯል አባዬ። ሰባት ሚሊ ሜትር። እኛ ሁለት ነበር ያልነው፤ ሰባት ሄዷል። ደግሞ ከሥሩ ይሞቃል፣ እርጥብ ነው።»

«ስልከኛ!» ብዬ ጮህኩ። «ሰማህ?»

«ሰምቻለሁ» አለ፤ ማስነጠሱን ረስቶታል። «ሰባት ሚሊ ሜትር፣ በዓይን የታየ። አለቃው እዚሁ አጠገቤ ነው፤ ውጡ ብሏል። ፊሽካውን ንፊው እህቴ!»

ፊሽካዋ ጆሮዬን ሊበጥሰው ነበር። ሦስት ጊዜ ነፋች። መቆፈሪያው ዝም አለ። ከዚያ የቦት ጫማ ድምፅ መጣ፤ ብዙ እግር፣ እየተጋፋ። አንዱ «ደግሞ ጀመራችሁ» ብሎ ሲያጉረመርም ሰማሁ። በስልኩ አጠገብ እያለፉ ነው። እሷ ትቆጥራለች፤ «አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት፣ ቶሎ በል እንጂ አንተ፣ አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት።» እግዚአብሔር ይስጥልኝ አልኩ። እንባዬ መጣ። ሁሉም ወጡ፣ ልጄም ትወጣለች፣ እኔም ዛሬውኑ ሥራዬን ለቅቄ አርፌ እቀመጣለሁ አልኩ።

«አባዬ» አለች፤ ድምፅዋ ደስ ብሎታል። «ወጥተዋል። እኔም መጣሁ። ሁለተኛውን ልለካና እከተላቸዋለሁ።»

«ምኑን?»

«መስመሩን። አንዴ ነው የለካሁት።»

«ይብቃሽ!» አልኩ። «ልጄ፣ ይብቃሽ፣ አንዴ ይበቃል!»

ስልኩን ግን አስቀምጣዋለች። መሰላሉ ሲንኳኳ ሰማሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ርምጃ ወጣች። እየጮህኩ ነበርና የሚቀጥለውን በደንብ አልሰማሁትም። መጀመሪያ ጨርቅ የሚቀደድ መሰለኝ። ከዚያ ማራገቢያው ቆመ። ከዚያ መስመሩ ላይ ምንም የለም።

ስልከኛው ስልኩን አልዘጋብኝም። ለዚህ ለዘላለም አመሰግነዋለሁ። ሠራተኛ ሲገባ ቁጥሩ የተቀረጸበትን ናስ ይዞ ይገባል፣ ሲወጣ ሰሌዳ ላይ ይሰቅለዋል። ሲሰቀሉ አንድ በአንድ ይነግረኝ ጀመር። ሳልጠይቀው። «አራት ቁጥር መጣ። ዘጠኝ ቁጥር መጣ። ውሃው እግራቸው ላይ ደርሶባቸዋል አባባ፣ ግን መጡ። ሁለት ቁጥር። አሥራ አንድ።» እኔም በጣቴ እቆጥራለሁ። አሥራ ሰባት ላይ ዝም አለ። እኔም አልጠየቅኩትም። ሁለታችንም ስልኩን ይዘን ቆየን። በኋላ፣ ያ ጉንፋናም ሰው ማልቀስ ጀመረ።

ያመጧት በአራተኛው ቀን ነው። እሱን አላወራም።

ያን ቀን ግን ማሽኑን ያጠፋው ሰው አልነበረም። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ ባለቤቴ ጋ ሄጄ የምነግርበት አፍ አጥቼ ነበር የተቀመጥኩት። ዶክተሩ ከደጅ ተመልሶ ሰምቷል። ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት ማሽኑ አጠገብ ቆመ። ሲቆም ደግሞ ዓይኑ የለመደውን ያያል፤ ቴርሞሜትሩን አየ፣ ሚዛኑን አየ። ድምፁ ተሰባብሮ «ዘጠና ደርሷል ጋሼ» አለኝ። «አልዘጋውም። ከበፊቱ አርባ እጥፍ ይፈስሳል።»

በመስኮቷ የሚያልፈውን ጫማ አየሁ።

እርሳሴ አሁንም በእጁ ናት። ወረቀቱ ላይ ጻፈው። ከዚያ፣ እኔ ነኝ ያስተማርኩት፣ ምን ያድርግ፣ ከልማዱ የተነሳ ቀና ብሎ «ልድገመው?» አለኝ።

«ተወው» አልኩት። «አንዴ ይበቃል።»

ይህችን ቃል ከዚያ ቀን በፊት ተናግሬያት አላውቅም ነበር። ያን ቀን ግን ሁለት ጊዜ ተናገርኳት፤ ሁለቱንም ጊዜ ልጄ አልሰማችኝም።